ስለ ስፒች ቴራፒና አጋዥ ቴክኖሎጂ፦ ደሴ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

በደሴ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ የምሠራ የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ነኝ። የአጋዥ ቴክኖሎጂውም ነገር እኔው ጋ ነው። ወላጆች ከሆጤ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ከቧንቧ ውሃ ይመጣሉ። ሐረጎን ወጥተው ከኮምቦልቻ የሚመጡም አሉ። ብዙውን ጥያቄ የምጠየቀው ግን ቢሮ ውስጥ አይደለም። ግቢው በር ላይ ነው፣ ልጅ ይዘው ሊወጡ ሲሉ። እዚያ ቆሜ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ ጎደሎ ይሆንብኛል። እስቲ አንድ ጊዜ በደንብ ልመልስ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ስፒች ቴራፒስት ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ልጅ ማናገር ብቻ ነው?

ልጅ ማናገር ነው፣ አዎ። ግን ለምን እንደማይናገር፣ የሰማውን ምን ያህል እንደተረዳ፣ የቱ ድምጽ እንዳስቸገረው እያዩ ማናገር ነው። ድምጿ ጥርት ያለ ሆኖ ቃል የሚጠፋባት ልጅ አለች። "ደብተርህን አውጣ፣ ቀን ጻፍ፣ ከሰሌዳው ገልብጥ" ሲባል የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሚቀር ልጅ አለ። መምህሩ "ልግመኛ ነው" ይለኛል። ልጁ ግን ትእዛዙ ረዝሞበት ነው።

ጠዋት ኬጂ ክፍል ገብቼ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። "ኩኩሉ!" እላለሁ። ልጆቹ "አልነጋም!" ይላሉ። ይህን ጨዋታ የምወደው ተራ መጠበቅን ስለሚያስተምር ነው። እኔ ስጣራ እነሱ ዝም፣ እኔ ዝም ስል እነሱ መልስ። ንግግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንድም ቃል የሌለው ልጅ በተራው "አአአ!" ካለ ጨዋታው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ እየወሰድኩ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከመምህራን ጋር ነኝ፤ ካልሆነ ደግሞ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ስዕል ላሚኔት ሳስደርግ ታገኙኛላችሁ።

አንድን ልጅ የማገኘው በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። እናቱ ግን ልብስ ስታለብሰው፣ ቁርስ ስታበላው፣ ባጃጅ ስትጠብቅ አብራው ናት። ስለዚህ እናትየዋን ካላሠለጠንኩ ልጁን ሠራሁ ማለት አልችልም።

ልጄ ሦስት ዓመት ሞላው፤ አፉን አልፈታም። አያቱ "አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ጠብቁ" ይላሉ። እንጠብቅ?

አትጠብቁ።

አያቱ ውሸት አልተናገሩም። ዘግይተው አፍ ፈትተው ከእኩዮቻቸው የሚስተካከሉ ልጆች አሉ። ችግሩ፣ የትኛው ልጅ በራሱ እንደሚደርስ፣ የትኛው እርዳታ እንደሚፈልግ ቀድሞ በዓይን አይለይም። ቶሎ መጥታችሁ "ደህና ነው" ብትባሉ የከሰራችሁት የባጃጅ ሂሳብ ብቻ ነው።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ዓመት ሲሞላው ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? ዓመት ተመንፈቅ ላይ ጥቂት ቃላት አሉት? ሁለት ዓመት ላይ "እማ ነይ"፣ "ውሃ የለም" እያለ ሁለት ቃል ይገጥማል? ሦስት ዓመት ላይ የማያውቀው ሰው አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል? ቃል ከማጣቱ እኩል ጣቱን አለመጠቆሙ ያሳስበኛል። የነበረው ቃል ከጠፋ ደግሞ፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን፣ ቀን አትቁጠሩ።

ከሁሉም በፊት ጆሮ። "በር ሲንኳኳ ይዞራል፣ ስለዚህ ይሰማል" ትሉኛላችሁ። የበር ድምጽ ወፍራም ነው፤ ንዝረትም አለው። ልጁ እሱን እየሰማ ስ፣ ሽ፣ ፍ የመሳሰሉትን ቀጫጭን ድምጾች ላይሰማ ይችላል። ግማሽ ቃል እየሰማ ሙሉ ቃል ሊናገር አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የምልካችሁ የጆሮ ሐኪም ጋ ነው። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ከሆነማ ለነገ አይባልም። ዘይትም ቅጠልም ጆሮው ውስጥ አትጨምሩ።

ምላሱ ታስሮ ነው ይሉናል። እንጥሉን ብናስቆርጠውስ?

በፈጠራችሁ፣ አታስቆርጡ። እንጥል ቃል አይከለክልም። ሲቆረጥ ግን ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ በምላጩም ሌላ በሽታ ይገባል። ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ የገባው በምክንያት ነው።

ምላስን ከሥሩ የሚይዝ አጭር ጅማት ያላቸው ልጆች በእርግጥ አሉ። ልጁ ምላሱን ከከንፈሩ ውጭ ካወጣ፣ ወደ ላይ አንስቶ የላይኛው ጥርሱን ሥር ከነካ፣ ችግሩ እዚያ የለም። ጅማቱ ቢያጥር እንኳ አንዳንድ ድምጾችን ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅን ያለ ቃል አያስቀርም። ይቆረጥ አይቆረጥ የሚለውን ደግሞ ሐኪም ይወስን።

ጸበል እያስጠመቅነው ነው። ከቴራፒው ጋር ይጋጭ ይሆን?

አይጋጭም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ፣ ወዳጃ (የጋራ የጸሎት ስብሰባ) የምትቀመጡም ተቀመጡ። የወሎ ቤት ይህን ሁሉ ያውቃል። እኔ የምለምናችሁ ቴራፒው ሁለት ሦስት ወር እንዳይቋረጥ ነው። ጸበል ቦታ ስትሰነብቱ ልጁ የሚፈልገውን የሚጠቁምበት የስዕል ሰሌዳ አብሮ ይሂድ። እዚያም ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ መሄድ ያምረዋል።

ልጃችን የተወለደችው ሳውዲ ነው። ዓረብኛና አማርኛ ተምታቶባት ይሆን?

ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። በከሚሴ በኩል አማርኛና ኦሮምኛ እኩል እየሰሙ በሁለቱም አፋቸውን የሚፈቱ ልጆች ሞልተዋል። አንዱን ካንዱ እየቀላቀሉ ማውራትም ጤነኛ ነገር ነው። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለባት ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ትቸገራለች። ስለዚህ ስትመጡ የዓረብኛ ቃሎቿንም ቁጠሩልኝ። አምስት አማርኛና ሃያ ዓረብኛ ካላት ሃያ አምስት ቃል አላት ማለት ነው።

እናት ልጇን በምትችለው ቋንቋ ታናግራት። ኬጂው "እንግሊዝኛ አውሩባቸው" ስላለ ብቻ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምታናግሩ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ተዉት። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከተረት፣ ከቁጣ፣ ከእሹሩሩ ነው። ይሄ ሁሉ ያላችሁ በአማርኛ ነው።

ስለ ዩቲዩብም ትጠይቁኛላችሁ። በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ የሚቆጥሩ፣ የቀለም ስም የሚደረድሩ፣ ውሃ ሲጠማቸው ግን የእናታቸውን እጅ ይዘው ወደ ጀሪካን የሚጎትቱ ልጆች በየጊዜው አያለሁ። ስልክ ያወራል እንጂ መልስ አይጠብቅም። ዘግይታ የምትናገር ልጅ የሚያስፈልጋት የሚጠብቃት ሰው ነው።

መንተባተብ ጀመረች። ደንግጣ ይሆን?

መንተባተብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ልክ ቃላቱ በሚበዙበት ሰዓት። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ። አብዛኞቹን ይተዋቸዋል። ከአዋቂ ግን ከ100 ሰው አንድ ገደማ ይዞት ይቆያል። ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በዘርም ይወርዳል። የእናንተ ጥፋት አይደለም። የልጅቷም የባህሪ ችግር አይደለም።

ድንጋጤ የሚባለውን ነገር ግን አቅልዬ አላየውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያዩ ልጆች አሉ። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው የቀነሰ ልጆች አጋጥመውኛል። ለእነሱ ከምላሱ በፊት ልብ ነው የሚታከመው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ አብረን እንሄዳለን።

ቤት ውስጥ "ቀስ በይ"፣ "ተንፍሺና ተናገሪ" አትበሏት። ቃሉን ነጥቃችሁ አትጨርሱላት። ዓይኗን እያያችሁ ጠብቋት። እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ፤ ያኔ እሷም ትረጋጋለች። ወራት ካለፉ፣ ወይም ቃሉን ለማውጣት ፊቷ ሲጨማደድ ካያችሁ፣ ወይም መናገር መሸሽ ከጀመረች አምጧት።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሁልጊዜ አርፍዶ ይመጣ ነበር። ይቀጣል፣ በነጋታው ደግሞ ያረፍዳል። ወላጅ አምጣ ተባለ። በኋላ ሲነግረኝ፣ የሚያረፍደው ሆን ብሎ ነው። ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት አይችልም። "አ" ላይ ይያዛል፣ ክፍሉ ይስቃል። ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል። መምህሩ ሲሰማ እንባው መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ ስም ሲጠራ እጅ ማውጣት ሆነ። ልጁ ማርፈድ አቆመ። ምንም ቴክኖሎጂ አልተገዛም።

ልጄ "ር"ን "ል" ይላል፣ "ጥ"ን "ት" ይላል። ኮልታፋ ሆኖ ይቀራል?

አራት ዓመቱ ከሆነ አብሽሩ፣ ጊዜ አለው። ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ሲጀምር ግን ካልተስተካከለ እፈልገዋለሁ፤ የሚጽፈውም እንደሚናገረው ይሆናልና።

አማርኛ ለልጅ ምላስ ቀላል ቋንቋ አይደለም። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ፣ ጽ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ አየሩ ታፍኖ፣ ድንገት ፈንድቶ የሚወጡ ድምጾች ናቸው። ለዚህ እንደ "እንቁልልጭ" የመሰለ መድኃኒት አላየሁም። ከረሜላ ይዤ ወደ ልጁ አስጠጋና መልሼ እሸሽበታለሁ፤ "እንቁልልጭ!" ከዚያ ተራው የእሱ ነው። ሊያስጎመጀኝ ሲል ቅንም ጭንም ሳያውቀው ያፈነዳቸዋል። ከዚያ "ጫላ ጩቤ ጨበጠ" እንላለን። መጀመሪያ ቀን "ታላ ቱቤ ተበተ" ያለ ልጅ በስንት ሳምንቱ "ጫላ" ሲል የሚሰማኝን ደስታ በቃል አልገልጸውም።

ሌላው የሚረሳው መጥበቅና መላላት ነው። "ገና" ላልቶ ሌላ፣ ጠብቆ በዓል። "አባባ አለ" ላልቶ አባት ተናገረ፣ ጠብቆ አባት ቤት ነው። ሁሉን አላልተው የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ ሰው የማይረዳቸው ድምጽ ስላበላሹ ሳይሆን ስላላጠበቁ ነው። ይህን በጭብጨባ ነው የምሠራው። የላላው ላይ እጃችንን ነካ፣ የጠበቀው ላይ ያዝ አድርገን እንቆያለን። ቤትም ሊጥ ስታቦኩ ሊጡን ጫን እያላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። ሲኮላተፍ ያምራል ብላችሁ መልሳችሁ በእሱ ቋንቋ አታናግሩት። እሱ "ላት" ቢል እናንተ "አዎ፣ ራት ደርሷል" በሉ። "በል ድገም" ማለት አያስፈልግም። ትክክለኛውን ይስማ፣ ይበቃል።

ሲወለድ ተሰንጥቆ የነበረው ላንቃው ተሰፍቷል፤ ለምን አሁንም በአፍንጫው ይናገራል?

ላንቃ መሰፋቱ ግድግዳውን ማቆም ነው። በሩን መክፈትና መዝጋት ገና ልጁ ይማረዋል። "አበበ በሶ በላ" አስብለው። አየሩ በአፍንጫው ካመለጠ "አመመ መሶ መላ" ይሆናል፤ በ ወደ መ ይሄዳል። ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር እይዛለሁ። በደሴ ብርድ መስታወቱ ወዲያው ስለሚደበዝዝ ልጁ ራሱ ያየዋል። "በ" ሲል መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር እንጫወታለን።

ፊኛ ማስነፋት፣ ሻማ ማስጠፋት የሚሏችሁን ተዉት። መንፋት የሚያሠለጥነው መንፋትን ነው። ንግግር የሚሠለጥነው በንግግር ድምጽ ነው። ብዙ ሠርተን መስታወቱ ካልጠራ ደግሞ ቀዳዳ ቀርቶ ወይም ላንቃው አጥሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ቀዶ ሐኪሙ እመልሳችኋለሁ።

አጋዥ ቴክኖሎጂ ማለት ታብሌት ነው?

መነጽርም አጋዥ ቴክኖሎጂ ነው። ክራንችም፣ ዊልቸርም፣ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያስፈልገዋል። እኛ ክፍል ውስጥ ካለው አንዱ ከጎሚስታ የለመንነው የካላማዳሪያ ቁራጭ ነው። እርሳስ ላይ ተጠቅልሎ ጣቷ የማይታዘዝላት ልጅ እርሳሱ እንዳያመልጣት ይይዝላታል።

ለዓይነ ስውር ተማሪ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ብሬል አለ። የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ፈታቶ ነው የሚጽፈው፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ከዚያ አናባቢው። ሳድስ ሲሆን ተነባቢው ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በብሬል ሲሆን ገጹ ይበዛል። መምህራን ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ስጡ የምላችሁ ከዚህም የተነሳ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል በነጻ የሚገኝ ስክሪን አንባቢ፣ ማለት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም፣ አለ። አማርኛ ያነባል፤ ድምጹ ግን እንደ ሮቦት ነው፤ ጆሮ እስኪለምደው ሳምንት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ካለ በማይክሮሶፍት ኤጅ ላይ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምጾች አሉ፤ ለሰው ድምጽ እጅግ የቀረቡ ናቸው። ማንበብ የሚከብዳቸው ልጆች ጽሑፉን እያዩ እንዲያዳምጡ አደርጋለሁ።

መጻፍ ለሚቸገሩት ደግሞ በድምጽ መጻፍ አለ። ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን ጨምሮበታል። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት አንድ ተማሪ የማኅበራዊ ትምህርት የቤት ሥራውን በስልክ ተናግሮ ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ። ሁለት መስመር ለመጻፍ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጅበት የነበረ ልጅ ነው። አንድ ገጽ ሞላ። ቀና ብሎ "ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አለኝ። ጫጫታ ክፍል ውስጥ ግን ቃል ይስታል፤ ጸጥ ያለ ጥግ ይፈልጋል።

ስዕል እየጠቆመ ከለመደ መናገሩን አይተወውም?

ይህን ያልጠየቀኝ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል። አይተወውም። በስዕል የሚግባቡ ልጆች ንግግራቸው አይቀንስም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ይጨምራሉ። ምልክት ቋንቋም እንዲሁ ነው። ሰው መራመድ ሲችል ክራንቹን ራሱ ይጥለዋል።

ስድስት ዓመት የሞላው፣ አንድም ቃል የሌለው ልጅ ነበረኝ። ይነክሳል፣ ይወረውራል። ከአንድ ኬጂ ተባሮ ነው የመጣው። አሥራ ሁለት ስዕል ያለው ሰሌዳ ሠራንለት። ዳቦ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ኳስ፣ እናት፣ "አመመኝ"፣ "እምቢ"፣ "በቃ"... ሁላችንም ዳቦውን ይጠቁማል ብለን ጠበቅን። እሱ ጣቱን "በቃ" ላይ አሳረፈ። በቃ! ስድስት ዓመት ሙሉ ሊለን ሲሞክር የነበረው ይሄን ነው። ጫጫታው በቃኝ፣ መታቀፉ በቃኝ፣ ይሄ ጨዋታ በቃኝ። እሺ ብለን አቆምንለት። ከዚያ ወር ጀምሮ መንከሱ ቀነሰ። ክረምቱ ሲወጣ ስዕሉን እየነካ "ቃ!" ማለት ጀመረ።

ስለዚህ ሰሌዳ ስትሠሩ የምግብ ስዕል ብቻ አትደርድሩ። "እምቢ"፣ "በቃ"፣ "ድገም"፣ "እርዱኝ"፣ "ምንድን ነው?" ይኑርበት። ልጅ እንደኛው እምቢ ማለት ያምረዋል።

አማርኛ ላይ ሌላም ነገር አለ። "ስጪኝ" የሚል ድምጽ የቀዳንለት ልጅ ቤቱ ሄዶ አያቱ ፊት ቁልፉን ተጫነው። አያት ቅር አላቸው። "ልጄን አንቱታ አላስተማራችሁትም?" አሉን፤ እውነት አላቸው። በወሎ ቤት አያት "አንቺ" አትባልም። ለአንድ ስዕል ሦስት ድምጽ ቀዳን፤ "ስጠኝ"፣ "ስጪኝ"፣ "ይስጡኝ"። የቀዳው የአጎቱ ልጅ ነው፣ እኩያው። የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ተርጉሞ መለጠፍ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቤት ለመሥራት ውድ ነገር አያስፈልግም። የራሳችሁን ብርጭቆ፣ የራሳችሁን በር፣ የራሱን ብርድ ልብስ በስልክ አንሱ፤ አሳትሙና ላሚኔት አስደርጉ። ከዚያ ዋናው ይመጣል፤ እናንተም ጠቁሙ። "ውሃ" ስትሉ ውሃውን ንኩ። ሰሌዳውን ለልጁ ብቻ ሰጥታችሁ እናንተ በአፋችሁ ብቻ ካወራችሁ፣ ልጁ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ብቻውን እንዲናገር ፈርዳችሁበታል።

ታብሌት እንግዛ ካልን የትኛውን?

መጀመሪያ ወረቀቱን ይልመድ። ከዚያ ባትሪው የሚቆይ፣ ድምጹ ጎላ የሚል፣ ወፍራም ሽፋን የሚገኝለት ማንኛውም ይሆናል። ካርቱን አትጫኑበት፤ ካርቱን የገባበት ታብሌት አፍ መሆኑ ይቀራል። መብራት ሲጠፋም ልጁ ዝም እንዳይል የወረቀት ሰሌዳው ሁልጊዜ ቦርሳው ውስጥ ይኑር።

ልጃችን ኦቲዝም አለበት። ትምህርት ቤቱ "አንችለውም" አለን።

አዝናለሁ። ይህን ስሰማ አሁንም ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት አይገለልም ይላል። የትምህርት ቤቱን መልስ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ ይዛችሁ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ሂዱ፤ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያውን ጠይቁ።

ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚያወራ ብዙ ሰው አልነበረም። በአማርኛ ድምጾች ላይ የተመሠረተውን አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባለውን የማስተማሪያ ዘዴም ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ልጅ ደብቃችሁ የምታሳድጉ ወላጆች ስታጋጥሙኝ የእሳቸውን ታሪክ እነግራችኋለሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መምህር ነኝ፣ 60 ተማሪ አለኝ። ምን ላደርግ እችላለሁ?

ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። እሱ ብቻ ብዙ ልጆችን ያመጣል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጡ። መስማት የሚቸገረው ልጅ ፊታችሁን እንዲያይ ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ አታውሩ።

ስለራሳችሁ ድምጽም ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ ተዘግቶባችኋል። ከጩኸት ይልቅ በጭብጨባ ጸጥ አሰኙ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ድምጻችሁ ሲዘጋ ማንሾካሾክ እረፍት አይደለም፤ ዝም ማለት ነው እረፍቱ። መሻከሩ ከሦስት አራት ሳምንት ካለፈ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይያችሁ።

ሙያውን መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በንግግርና ቋንቋ ሕክምና የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት በኩል መጥተው ወደዚህ የሚያዘነብሉም አሉ። ከማመልከታችሁ በፊት ግን አንድ ሳምንት ልዩ ፍላጎት ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ። ፈጣን ውጤት የምትወዱ ከሆነ ይከብዳችኋል። አንድ "ቃ" ለመስማት ስምንት ወር የሚጠብቅ ሰው ነው የሚፈለገው። የምልክት ቋንቋም አብራችሁ ጀምሩ፤ ሳትችሉት መስማት የተሳናቸው ልጆች ወዳሉበት ክፍል መግባት ያስቆጫችኋል።

መጀመሪያ ቀን ስንመጣ ምን ይዘን እንምጣ?

የሐኪም ወረቀት ካለ እሱን። ልጁ ቤት ሲጫወት በስልክ የተቀረጸ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፤ እኔ ፊት ዝም ሊል ይችላልና። የሚላቸው ቃላት፣ ግማሽም ቢሆኑ፣ በወረቀት ላይ ተጽፈው። የሚወደው አንድ ዕቃ፤ ክዳንም ይሁን ገመድ፣ አትፈሩ፣ ይዛችሁ ኑ። ቁርሱን በልቶ ይምጣ፤ የተራበ ልጅ አይጫወትም። ቀን አብራው የምትውለው አያቱ ወይም ሠራተኛዋ ከሆነች እሷንም አምጧት፤ ወንበር አለ።